የተፈተነው ማን ነበር

አባቴ መርጌታ ነበር። ከአቀስታ የግማሽ ቀን መንገድ በሚርቅ የለጋምቦ ደጋ መንደር ውስጥ ተማሪ ሰብስቦ ዳዊት ሲያስደግምና ወንጌል ሲተረጉም ኖረ። እኔ አንድ ልጁ ነበርሁ። ሴት ስለሆንሁ ከተማሪዎቹ መካከል መቀመጤን ማንም አስቦት አያውቅም፤ እኔም አላሰብሁትም። የእኔ ሥራ ቤት ውስጥ ሆኖ የበግ ጸጉር መፍተል ነበር። አገራችን ብርድ ነው፤ ከዚያ ጸጉር የተሠራ ባና ያልደረበ ሰው ሌሊቱ አይነጋለትም። እንዝርቴን እያሾርሁ በጭቃው ግድግዳ በኩል የሚመጣውን ድምፅ እሰማለሁ። አባቴ አንዱን ቃል አሥር ጊዜ ይለዋል፤ ተማሪዎቹ አሥር ጊዜ ይመልሱለታል፤ እኔም ሳላስበው ከንፈሬን እያንቀሳቀስሁ አብሬ እላለሁ።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ፣ ተማሪዎቹ ቁራሽ ለምነው ሲመለሱ፣ እንደ ልማዱ ይጠይቃቸው ጀመር።

«ዳዊት ጎልያድን የመታው በስንት ድንጋይ ነው?» አለ።

«በአምስት» አሉ ሁለት ሦስቱ በአንድ አፍ።

አባቴ ዝም አለ። ዝም ሲል መልሱ እንዳልጣመው ሁላችንም እናውቃለን። ሌላ የሚሞክር ጠፋ። እኔ አፌን መያዝ አቃተኝ።

«በአንድ!» አልሁ ከቤት ውስጥ። «የመረጠው አምስት ነው፤ የመታው በአንድ ነው።»

አባቴ በሩን ገፋ አድርጎ ገባ። እንዝርቴን እንደያዝሁ ብድግ አልሁና ቁጣውን ጠበቅሁ።

«የቀሩት አራቱስ የት ደረሱ?» አለኝ።

«መጽሐፉ አልተናገረም። ከኮረጆው ውስጥ ቀርተው ይሆናል።»

«‹ይሆናል› ያልሽውን ከየት አመጣሽው?»

«ከራሴ።»

ትንሽ አየኝና «መልካም» አለ። «ከመጽሐፉ የሆነውንና ከራስሽ የሆነውን ለይተሽ ካወቅሽ ለእኔ ይበቃኛል።»

ከዚያ ቀን ጀምሮ ማታ ማታ እጁን ሳስታጥበው አንድ ጥያቄ ይጠይቀኝ ነበር። ውሃው ከእጁ ላይ ፈስሶ ሳያልቅ መመለስ አለብኝ። ካልመለስሁ ዝም ብሎ ይበላል፤ ከመለስሁ «እሰይ» ይልና ይበላል። ለዚያች «እሰይ» ስል ቀኑን ሙሉ ጆሮዬን ከግድግዳው አላነሣም። ካገባሁም በኋላ፣ ቤቴ ከእሱ ቤት ፊት ለፊት ስለነበረ፣ ልማዱን አልተወም። ፊደል ግን አላስቆጠረኝም። ለምን እንደሆነ ሳልጠይቀው ዐረፈ።

እሱ ባረፈ በዓመቱ ነው በልጉ የቀረብን። እኛ የምንኖረው በበልግ ገብስ ነው። አንድ ዓመት ቢቀር በጎቻችንን ሸጠን አለፍነው። ሁለተኛውም ሲቀር የሚሸጥ በግ አልነበረም፤ ቢኖርም የሚገዛ አልነበረም። ተማሪዎቹ አንድ በአንድ ተበተኑ፤ ቁራሽ የሚሰጥ ቤት ሳይኖር የቆሎ ተማሪ እንዴት ይኖራል? ባሌ ከጎረቤታችን ከሸማኔው ጋር ሆኖ ወደ አዋሽ፣ ወደ ጥጥ እርሻው፣ ለቀን ሥራ ወረደ። እንግዲህ በሁለቱ ቤት የቀረነው ሁለት ሴቶችና ሦስት ልጆች ነን። እኔ የሁለት ዓመት ሴት ልጅ አለችኝ፤ የሸማኔው ሚስት ሁለት ወንዶች አሏት።

እሷ እስላም ናት፣ እኔ ክርስቲያን ነኝ። በእኛ አገር ይህ የሚያስገርም ነገር አይደለም። ጸጉሩን እኔ እፈትላለሁ፣ ባሏ ይሠራዋል፣ እሷ ገበያ አውጥታ ትሸጠዋለች፤ እንዲህ ሆነን ነው የኖርነው። አንድ ጠዋት ደጄ ላይ ቆማ በሩን አንኳኳችና «እታለም፣ ተነሽ እንሂድ። እዚህ ተቀምጠን የምንጠብቀው የለም» አለችኝ። ከደሴ የተመለሱ ሰዎች ለረሀብተኛ የተከፈተው መጠለያ ውስጥ በሽታ ገብቷል ይሉ ነበር። የወሎው ቦረና ግን ዝናብ አልቀረበትም ተባለ። ፊታችንን ወደ ምዕራብ፣ ወደ መካነ ሰላም አዞርን።

አራት ቀን ሄድን። በመንገድ ላይ ያየሁትን ሁሉ አልጽፍም። አንዱን ብቻ ልንገር። በሦስተኛው ቀን ጉልበቴ ከዳኝና ከመንገዱ ዳር ወደቅሁ። ጎረቤቴ ልጄን ከጀርባዬ ፈትታ በራሷ ጀርባ አዘለቻት፤ ሁለቱን ልጆቿን ግራና ቀኝ ያዘች፤ ከዚያም «አብሽሪ፣ ተነሽ! ልጅሽን ይዤብሻለሁ፣ እየሄድሁ ነው» ብላኝ ጥላኝ ሄደች። ካልተቆጣሁ እንደማልነሣ ታውቃለች። ተቆጣሁና ተነሣሁ።

መካነ ሰላም ስንደርስ ከተማው ከየቦታው በመጣ ሰው ተሞልቶ አገኘነው። ከአንድ ነጋዴ መጋዘን ጣራ ሥር ቦታ ያዝን። በማግስቱ አንዲት ሴት እንዲህ ስትል ሰማሁ፤ የአካባቢው ምእመናን ተሰደው ለመጡ የቤተ ክርስቲያን አገልጋዮችና ለቤተሰቦቻቸው ስንዴ አዋጥተዋል፤ ከቤተ ክርስቲያኑ ግቢ ይታደላል። ነገር ግን በመጀመሪያዎቹ ቀናት የመጣው ሁሉ «ዲያቆን ነኝ»፣ «የቄስ ሚስት ነኝ» ስላለ፣ አሁን ከመስጠታቸው በፊት ጥያቄ ይጠይቃሉ። ልጁ እያለቀሰበት «ቄስ ነኝ» ባለው ሰው አልፈረድሁም። በጠያቂዎቹም ያን ጊዜ አልፈረድሁም። እንዲያውም፣ እውነቱን ልናገር፣ ደስ አለኝ። ያለኝ ሀብት በግድግዳው በኩል የሰማሁት ቃል ብቻ ነበርና።

«አንቺና ልጆችሽ ከእኔ ጋር ትመጣላችሁ» አልኋት ጎረቤቴን። «እህቴ ናት እላለሁ።»

«ወላሂ፣ ያውቁብናል» አለች።

«አንቺ ዝም በይ እንጂ አያውቁም።»

በግቢው ውስጥ ከአንድ ትልቅ ጽድ ሥር ጠረጴዛ ተዘርግቶ የደብሩ ጸሐፊ ተቀምጧል። ደሴ ተምሮ የተመለሰ፣ ቀጠን ያለ፣ ልብሱ የጸዳ ወጣት ነው። ከጎኑ አለቃው ጋቢያቸውን ተከናንበው ተቀምጠዋል፤ ሽማግሌ ናቸው፣ ዐይናቸው ደክሟል፣ የሚሰሙት ግን አያመልጣቸውም። ከኋላቸው ስንዴው በስልቻ ተደርድሯል።

ከእኛ ፊት ከወደ ኩታበር የመጣ አንድ ሰው ነበር። «ዲያቆን ነበርሁ» አለ። ጸሐፊው ዐሥራ ሁለቱን ሐዋርያት ቁጠር አለው። ሰውየው ጣቱን እያጠፈ ሰባት ድረስ ቆጠረና ቆመ። «ቀጥል» አለው ጸሐፊው። ሰውየው ጣቱን አየ፣ ሰማይ አየ። «ርቦኝ ጠፋብኝ» አለና ከሰልፉ ወጣ፤ ሄዶም ከአጥሩ ሥር ቁጭ አለ። የቀሩትን አምስቱን እኔ አውቃቸዋለሁ። ምላሴ ላይ ነበሩ። ተራዬን እንዳላጣ ፈርቼ ዝም አልሁ። እስከ ዛሬ ድረስ ያ ዝምታዬ ትዝ ሲለኝ ፊቴ ይግላል።

ተራዬ ደረሰ።

«የማን ቤተሰብ ነሽ?» አለኝ ጸሐፊው ቀና ሳይል።

«የመርጌታ ልጅ ነኝ።»

«መርጌታው የታሉ?»

«ዐርፈዋል።»

«ስንት ነፍስ ናችሁ?»

«አምስት። እኔና ልጄ፣ እህቴና ሁለት ልጆቿ።»

አሁን ቀና ብሎ አየን። «የኖኅን ልጆች ንገሪኝ» አለ።

«ሴም፣ ካም፣ ያፌት።»

«ይህንንማ ሁሉም ያውቀዋል» አለ። «በረሀቡ ዘመን ነቢዩ ኤልያስን ማን መገበው?»

«በመጀመሪያ ቁራዎች፤ ወንዙ ዳር ሳለ ጠዋትና ማታ እንጀራና ሥጋ ያመጡለት ነበር። ወንዙ ሲደርቅ ደግሞ የሰራፕታዋ መበለት። ከማድጋዋ ዱቄቱ፣ ከማሰሮዋ ዘይቱ አላለቀም።»

ጸሐፊው ቁራዎቹን ብቻ ነበር የጠበቀው መሰለኝ፤ ብዕሩን አስቀመጠ። አለቃው ከጋቢያቸው ውስጥ ጭንቅላታቸውን ወደ እኔ አዘነበሉ።

«እሺ» አለ ጸሐፊው ቀስ ብሎ። «ወንጌልን ከጻፉት ከአራቱ መካከል፣ ከዐሥራ ሁለቱ ሐዋርያት ያልሆኑት የትኞቹ ናቸው?»

ይህን አባቴ ጠይቆኝ፣ ውሃው ፈስሶ አልቆ፣ ሳልመልስ ቀርቼ፣ ሌሊቱን ሳስበው አድሬ ነበር። «ማርቆስና ሉቃስ» አልሁ።

ከሰልፉ ውስጥ «እሰይ!» የሚል ድምፅ ተሰማ። ከማን እንደሆነ አላየሁም፤ ጉልበቴ ግን ጸና።

«ማን አስተማረሽ?» አሉኝ አለቃው።

«ማንም አላስተማረኝም፣ አባቴ። እየፈተልሁ ሰማሁት።»

ነገሩ እዚህ ላይ ቢያበቃ ስንዴዬን ተቀብዬ እሄድ ነበር። ጸሐፊው ግን ጠንቃቃ ሰው ነው። ጎረቤቴን ከላይ እስከ ታች አያትና «አንቺ አልፈሻል። እህትሽም ትጠየቅ» አለ። ወደ እሷም ዞሮ፣ በጣም ቀላል የመሰለውን መርጦ፣ «የአብርሃም ሚስት ማን ትባላለች?» አላት።

ጎረቤቴ ፊቷ በራ። የምታውቀው ነገር ተጠየቀች!

«ሳራ ናት» አለች። «ሀጀርም አለች፤ ከልጇ ጋር ውሃ ፍለጋ የተንከራተተችው። አላህ ምንጭ አፈለቀላት። ነቢ ኢብራሂም...»

አፏን በእጇ ያዘችው፤ ግን ወጥቷል። ሰልፈኛው አጉረመረመ፤ አንዳንዱም ሳቀ።

«ይህቺ እስላም ናት!» አለ ጸሐፊው ብድግ ብሎ። «በቤተ ክርስቲያን ግቢ ቆመሽ ዋሸሽ? ይህ ስንዴ ለአገልጋዮች ቤተሰብ የተዋጣ ነው። ሁለታችሁም ውጡ!»

«እኔ እወጣለሁ» አለች ጎረቤቴ፤ ልጆቿን ወደ ቀሚሷ ሰብስባ። «እሷን ግን አትከልክሏት። ወላሂ የመርጌታ ልጅ ናት!»

በዚህኛው «ወላሂ» ሰዎቹ የበለጠ ሳቁ። እኔ ግን ሳቁ አልተሰማኝም። የሰማሁት «ውጡ» የሚለውን ነው። ከአጥሩ ሥር የተቀመጠውን ሰባት ቆጣሪ አየሁት፤ አንገቱን ደፍቷል። ጎረቤቴን አየኋት፤ ልጄ አሁንም ከእሷ ጀርባ ላይ ናት። አለቃው «ለምን ዋሸሽ ልጄ?» አሉኝ በቀስታ።

«እህቴ ናት ማለቴ ውሸት አይደለም» አልኋቸው። «መንገድ ላይ ወድቄ ልጄን ያዘለችልኝ እሷ ናት። አሁንም ማን እንዳዘላት ይመልከቱ። አባቴ፣ እኔም አንድ ጥያቄ ልጠይቅ?»

ጸሐፊው ሊቃወም ሲል አለቃው እጃቸውን አነሡ። «ጠይቂ።»

ድምፄ ይንቀጠቀጥ ነበር። ረሀብም ነው፣ ቁጣም ነው። «ጌታ አምስት ሺሁን ሰው በአምስት እንጀራና በሁለት ዓሣ ሲመግብ፣ እንጀራውን ከመቁረሱ በፊት ማንን ፈተነ?»

ጸሐፊው ወዲያው መለሰ፤ ይህ የእሱ ሜዳ ነው። «ማንንም አልፈተነም። ሕዝቡን በሣር ላይ አስቀመጠ፣ አመሰገነ፣ ቆረሰ፣ ለደቀ መዛሙርቱ ሰጠ፣ እነሱም ለሕዝቡ አከፋፈሉ።»

«አንድ ሰው ፈትኗል» አልሁ።

«ስንት እንጀራ እንዳላቸው ጠይቋቸዋል። እሱ ማርቆስ ላይ አለ። ያ ግን መጠየቅ ነው እንጂ መፈተን አይደለም። ማቴዎስ ላይ ደግሞ ጭራሽ የለም።»

«ማቴዎስ ላይ የለም። ማርቆስ ላይም እንዳሉት ነው።»

«ሉቃስ ላይም የለም!»

«ልክ ነው፤ ሉቃስ ላይም የለም።»

እዚህ ላይ ቆም አለ። የቀረው አንድ ነው፤ የቀረው አንድ እንደሆነ እሱም አወቀ፣ ሰልፈኛውም አወቀ። ሳቁ ቆሟል። ከኋላ ያሉት ለመስማት ወደ ፊት ተጠጉ።

«መጽሐፉን አውጣው» አሉት አለቃው።

ከጠረጴዛው ሥር ከነበረው ሳጥን የአማርኛውን መጽሐፍ ቅዱስ አወጣ። ዮሐንስ ምዕራፍ ስድስትን ገለጠ። በዐይኑ ሲያነብ፣ ጣቱ መስመሩ ላይ ሲንሸራተት፣ ከዚያም ድንገት ሲቆም አየሁት።

«አንብብ እንጂ» አሉ አለቃው።

አነበበ። ጌታ ዐይኑን አንሥቶ ብዙ ሕዝብ ወደ እሱ ሲመጣ አየ፤ ፊልጶስንም እነዚህ ይበሉ ዘንድ እንጀራ ከየት እንገዛለን አለው። ቀጥሎ ያለውን ጸሐፊው በለሆሳስ አለው።

«ድምፅህን ከፍ አድርገው፤ እኔ ሽማግሌ ነኝ» አሉ አለቃው። የሰሙት ይመስለኛል፤ ግን ሁሉም እንዲሰማ ፈለጉ።

«ይህን የተናገረው ሊፈትነው ነው ይላል» አለ ጸሐፊው። «ራሱ የሚያደርገውን ያውቅ ነበርና።»

«እንግዲህ የተፈተነው ማን ነበር?» አልሁ። አሁን ድምፄ አልተንቀጠቀጠም። «ሊያከፋፍል የቆመው ፊልጶስ ነው። ከሣሩ ላይ ከተቀመጡት ከእነዚያ ሁሉ አንዱም እንኳ ‹የማን ልጅ ነህ? ይህን ታውቃለህ?› አልተባለም። የተባሉት ‹ተቀመጡ› ብቻ ነው።»

ከጽዱ ላይ አንድ ወፍ ይጮህ ነበር፤ እሱን እንኳ አስታውሰዋለሁ። አለቃው ጋቢያቸውን ፊታቸው ላይ ሳቡት። የሚቆጡ መስሎኝ ፈራሁ። ጋቢውን ሲገልጡት ዐይናቸው እርጥብ ነው፤ ከንፈራቸው ግን ይሥቃል።

«ጸሐፊ፣ ወድቀናል» አሉ። «ይህቺ ልጅ ፈተነችን፤ ወደቅን።»

አንዲት ሴት እልል አለች። ሌላዋ ተቀበለቻት። ከዚያ ሰልፉ ሁሉ እልል አለ፤ ለወራት እልልታ ያልወጣበት ጉሮሮ ሁሉ ተከፈተ። ጎረቤቴ ከሁሉም በላይ ጮኸች፤ የእሷ እልልታ ረጅም ነው፣ ከአቀስታ ገበያ ማዶ ለማዶ ይሰማ የነበረ ነው።

እልልታው ጋብ ሲል አለቃው ወደ ጸሐፊው ዞሩ። «አሁን አንተን አንድ ልጠይቅህ። ኤልያስን የመገበችው መበለት የማን አገር ሰው ናት?»

ጸሐፊው ለረጅም ጊዜ አላሰበም። የእሱም ፊት ተለውጧል፤ የተሸነፈ ሰው ፊት አይደለም፤ የዘነጋው ነገር ትዝ እንዳለው ሰው ነው። «የሲዶና» አለ። «ከእስራኤል ወገን አልነበረችም።»

«በል እንግዲህ።»

ጸሐፊው ተቀመጠ፤ ብዕሩን አነሣ፤ ወደ እኔም ቀና አለ። «የእህትዎን ስም ይንገሩኝ» አለኝ።

ሃያ ሁለት ዓመቴ ነበር። ልብሴ ተቀዷል፣ እግሬ ቆስሏል። ከተወለድሁ ጀምሮ «አንቱ» ያለኝ የመጀመሪያው ሰው እሱ ነው። ስሟን ነገርሁት፤ ጻፈው። ከዚያ ለመሄድ ስዘጋጅ አላስቻለኝም፤ «ያም ሰውዬ ይጠራ» አልሁ፤ ወደ አጥሩ እያመለከትሁ። ጸሐፊው ራሱ ተነሥቶ ሄደና ሰባት ቆጣሪውን በክንዱ ይዞ አመጣው። «የቀሩትን አምስቱን እኔ እቆጥርልዎታለሁ፤ እርስዎ ጣሳዎን ያቅርቡ» ሲለው ያ ሰው ሣቀና ጥርሱን አየሁት።

ስንዴው ለመጣው ሁሉ እንደማይበቃ የታወቀ ነው። አለቃው በማግስቱ በትራቸውን ይዘው ከተማውን ዞሩ። የክርስቲያኑንም የእስላሙንም ነጋዴ በር አንኳኩ። መስጊዱ ዘንድም ሄደው ከሽማግሌዎቹ ጋር ተቀምጠው ተነጋገሩ። ከሁለት ቀን በኋላ የሠርግ ድስቶች ወጡ፤ ስንዴው ከባቄላና ከሽምብራ ጋር ተቀላቅሎ ይቀቀል ጀመር። ንፍሮ የማንንም ጾም አይሽርም፣ የማንንም እርድ አይጠይቅም፤ ሁሉም ከአንድ ድስት በላ። ጎረቤቴና እኔ እሳት አንዳጆች ሆንን። ያን ጊዜ ሁሉ ሰው ዳነ ብል ውሸት ነው፤ አርፍደው የደረሱ ነበሩ፣ ሕፃናትም ቀበርን። ከዚያ ቀን በኋላ ግን ከድስቱ ፊት የቆመን ሰው የጠየቀ የለም።

ጥያቄው ራሱ ግን አልቀረም፤ ቦታ ለወጠ እንጂ። እሑድ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ፣ ሰው በልቶ ፀሐይ ሲሞቅ፣ ጸሐፊው መጽሐፉን ይዞ ይመጣና ከአጠገባችን ይቀመጣል። ሳምንቱን ሙሉ እኔን የሚጥል ጥያቄ ሲፈልግ ይሰነብታል። «ከሰው ሁሉ ረጅም ዕድሜ የኖረ ማን ነው?» ይላል፤ «ማቱሳላ» እለዋለሁ። «በለዓምን የገሠጸችው ማን ናት?» ይላል፤ ልጆቹ ሳይቀሩ «አህያዋ!» ብለው ይቀድሙኛል። አንዳንዴ ይጥለኛል። ሲጥለኝ በደስታ እጁን ያጨበጭባል፤ እኔም አይከፋኝም፤ ያላወቅሁትን እንዲያነብልኝ አደርገዋለሁ። ሰዎቹ ሁለት ወገን ሆነው ይከራከራሉ። ሰባት ቆጣሪው ጉልበቱ ሲመለስ ዕውቀቱም ተመለሰና ዐሥራ ሁለቱን ሐዋርያት ከፊት ወደ ኋላ፣ ከኋላ ወደ ፊት ይቆጥር ጀመር። ሰዉ «መርጌታዋ» የሚል ስም አወጣልኝ። በመጀመሪያ እንደ ቀልድ ነበር፤ በኋላ ቀልድነቱ ጠፋ።

አንድ እሑድ ጸሐፊው «መልስ የሌለው ጥያቄ አገኘሁ» ብሎ መጣ። «አምስቱን የገብስ እንጀራ ይዞ የመጣው ልጅ ነው። እንጀራውን የጋገረው ማን ነው?»

እኔ አሰብሁ። መጽሐፉ አይናገርም። «አልተጻፈም» ልል ስል፣ ጎረቤቴ ከድስቱ አጠገብ ማማሰያዋን እንደያዘች ቀና አለች።

«እናቱ ናታ!» አለች። «ለልጅ ስንቅ ሌላ ማን ይጋግርለታል? ገብስ መሆኑንም ስሙ፤ የእኛ የደጋ ሰው ናት።»

አለቃው እንባቸው እስኪወርድ ሣቁ። «ጻፈው» አሉት ጸሐፊውን፤ «ትርጓሜ ነው።»

ክረምቱ ገባ። ዝናቡ በለጋምቦም ጥሩ መጣ የሚል ወሬ ደረሰን። በነጋዴው መጋዘን ውስጥ ያለው ሬዲዮ ንጉሡ ከዙፋናቸው መውረዳቸውን የተናገረ ጊዜ እኛ ለመመለስ ስንሰናዳ ነበር። ወንዶቹ ሬዲዮኑን ከበው ይከራከራሉ፤ ጎረቤቴና እኔ ስለ ዘር እንነጋገራለን። አለቃው ለእያንዳንዳችን አንድ አንድ ቁና የዘር ገብስ አሰጡን። ጸሐፊው እስከ ከተማው ዳር ሸኘንና፣ አፍሮ መሬት መሬት እያየ፣ «ፊደል ይማሩ፤ የጎደለዎት እሱ ብቻ ነው» አለኝ።

ባሎቻችን ከገና በኋላ ከአዋሽ ተመለሱ። ከስተው ነበር፣ ወባ ይዟቸው ነበር፣ ግን በእግራቸው መጡ። በዚያው ዓመት ዘማች ተማሪዎች ወደ መንደራችን ገቡ። ከነሱ አንዱ ከአባቴ ቤት ግቢ ውስጥ ጥቁር ሰሌዳ ሰቀለና «ሴቶችም ይምጡ» አለ። እኔ የመጀመሪያዋ ነበርሁ። ልጁ ስለ ሃይማኖት ማውራት ብዙ አይወድም፤ በዚህ እንከራከር ነበር፤ ማስተማሩን ግን አልሰሰተብኝም። ፊደሉን ከያዝሁ በኋላ ማንበቡ አልቸገረኝም። በቃል የማውቀውን ዳዊት ፊቴ ዘርግቼ፣ ጆሮዬ የሚያውቀውን ዐይኔ እየተከተለ፣ ክረምቱ ሳይገባ አንባቢ ሆንሁ። ልጁ «ከዚህ በፊት ተምረሽ ደብቀሽኛል» እያለ ይጠረጥረኝ ነበር።

ስለ መሬት የወጣው አዋጅ ታትሞ ወደ መንደራችን የደረሰ ቀን ዘማቹ ታሞ አቀስታ ሄዶ ነበር። ገበሬው ሁሉ ከዋርካው ሥር ተሰብስቧል። ወረቀቱ አለ፤ የሚያነበው የለም። ሊቀመንበር የተባሉት ሽማግሌ ወረቀቱን አገላብጠው አዩና «ቄሱ ይምጡ» አሉ። ቄሱ ደግሞ ተዝካር ሄደዋል። ባሌ ከመሃል ሆኖ «ሚስቴ ታነባለች» አለ። እንዲህ ሲል የተሰማውን ኩራት ከድምፁ ሰማሁት።

አንዳንዶቹ ተያዩ። ሊቀመንበሩ ወረቀቱን ዘረጉልኝ። ተነሥቼ ቆምሁ፤ ነጠላዬን ወደ ትከሻዬ መለስሁ፤ ከላይኛው መስመር ጀምሬ አነበብሁ። መሬቱ ለሚያርሰው እንደሚሆን፣ ጭሰኝነት እንደ ቀረ፣ መሬት ያልነበረውም እንደሚደርሰው አነበብሁ። ሸማኔው፣ ከተወለደ ጀምሮ የራሱ የሚላት አንዲት ክንድ መሬት ያልነበረችው ሰው፣ አፉን ከፍቶ ያየኛል። ጎረቤቴ አጠገቡ ናት፤ እጇን ደረቷ ላይ አድርጋ «አልሐምዱሊላህ፣ አልሐምዱሊላህ» ትላለች። አንብቤ ጨረስሁ። የማላውቃቸው አንድ ሽማግሌ ከኋላ በኩል በበትራቸው ተደግፈው ተነሡ።

«ልጄ፣ አልጠገብሁትም» አሉ። «ከመጀመሪያው ይድገሙልን።»

ደገምሁላቸው። ሦስተኛም ጠየቁኝ፤ ሦስተኛም አነበብሁ።